ቲማቲሙ እስኪቀላ

ወረታ ውስጥ ስለ አለኸኝ አድማሴ የሚወራው ይህ ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱን በር ከውስጥ ይቀረቅርና፣ ከጣራ ገዳም በቢጫ ጀሪካን ያስመጣውን ጠበል ኮምፒውተሮቹ ላይ ይረጫል። ወሬውን ያወጣችው ፊት ለፊቱ ሽንኩርትና የስልክ ካርድ የምትሸጠው ሸዋነሽ ናት። ጀሪካኑ ሲገባ አይታለች፤ በሩ ሲዘጋም አይታለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ባታይም ለመሙላት አልተቸገረችም። ወሬው ከደብረ ታቦር መገንጠያ ተነሥቶ መናኸሪያ ሲደርስ አንደኛው ኮምፒውተር ጮኋል ተባለ። አንበሳሜ ሲደርስ ደግሞ ለፍልፏል፣ «በየት ገባህ?» ሲባል «በኢሜይል» ብሏል ተባለ።

ጠበሉ ውሸት ነው። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ነው፤ የሜዳው ዋልካ በደንበኛ ጫማ እየገባ ወለሉን ስለሚያጨቀየው የሚወለወልበት። ኮምፒውተርም አልጮኸም። «በኢሜይል ገባሁ» የምትለዋ ግን፣ ማን እንደጨመራት ባይታወቅም፣ ከወሬው ሁሉ ለእውነት የቀረበችው እሷ ናት።

ረቡዕ ጠዋት በሩ ተዘግቶ የሚሠራው ሥራ ከጠበሉ ይልቅ አሰልቺ ነው። አለኸኝ አንድ ወንበር ስቦ ይቀመጥና አራቱ ኮምፒውተሮች ፕሮግራሞቻቸውን ሲያድሱ ያያል። አንድ ሰዓት ያህል፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከጫፍ ወደ ጫፍ የምትሄደዋን አረንጓዴ መስመር በዓይኑ ይከተላል። ጸሎት የሚመስለው ለዚህ ነው። በሩን የሚዘጋው ስለሚያፍር ነው። እድሳቷ ስትሄድ ያየው ሰው አንድ ነገር ይጠይቀዋል ብሎ ይፈራል፤ «ድሮስ ለምን አታደርገውም ነበር?»

አለኸኝ የናበጋ ልጅ ነው፤ ክረምት ሲገባ ሐይቁና ርብ ወንዝ ተመካክረው የሚወርሩት አገር። አባቱ አድማሴ ሩዝ መዝራት ከጀመሩት ከመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች አንዱ ነበሩ፤ ጎረቤት «የዳክዬ ቀለብ ዘራህ?» እያለ ሲስቅባቸው። እሳቸው በሳቅ አይበገሩም ነበር። ጠዋት ጠዋት ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው በማሳው ክትር ላይ፣ ማለት ውሃውን ከልሎ በሚይዘው የአፈር ድንበር ላይ፣ ዙሪያውን ይሄዳሉ። የተሸረሸረ ካለ በጭቃ ይደፍናሉ። በማግስቱ ደግሞ እንደ አዲስ።

አለኸኝ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ እያለ አባትየው አንበሳሜ ለለቅሶ ሄዱና ክትሩን «አደራ» ብለው ለእሱ ተዉለት። እሱ ከባልንጀሮቹ ጋር ቁጭ ብሎ ሲቀልድ ዋለ፤ የዚያን ዕለት የቀለደው ቀልድ እስከ ዛሬ ናበጋ ውስጥ ይነገራል። ክትሩ ተሰብሮ ውሃው የጎረቤታቸውን የአቶ ንብረትን ችግኝ ጠርጎት ሄደ። አባቱ ሲመለሱ ልጁን ይዘው ንብረት ደጃፍ አቆሙትና «ንገረው» አሉት። አለኸኝም ጭቃውን እያየ «ዝናቡ ነው» አለ። አባቱ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ያን ሳምንት ዝናብ አልጣለም ነበር።

ሃያ ዓመት ሲሞላው ጭቃውን ትቶ ወረታ ገባ። ያስተማረው ሰው የለም። አንድ የተጣለ የጽሕፈት መኪና ፈታትቶ ገጠመ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ወጣ፣ ከዚያ የራሱን ቤት ከፈተ፤ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ዲቪ መሙላት፣ ኢሜይል። ከተማው «ኢንጂነር» አለው። እሱም አልካደም።

ቤቱን ያቆመለት ኢሜይሉ ነው። ክረምት ሲመጣ የሜዳው ሰው ከብቱን ከፍታ ላይ ላለ ዘመድ በአደራ ይሰጣል፤ ውሃው ሲሸሽ ሄዶ ይነዳል። ኢሜይሉንም እንዲሁ ለአለኸኝ ሰጠው። ስልኩ ቀፎ ብቻ የሆነ ገበሬ፣ ስልኳ ኔት የማይስብላት አስተማሪ፣ ልጁ አዲስ አበባ ያለ ቄስ፣ ሁሉም የይለፍ ቃሉን «እንካ ያዝልኝ» ብሎ ሄደ። አለኸኝ የስልሳ ሦስት ሰው የደብዳቤ ሳጥን በአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር፣ በአንድ የኢሜይል ማንበቢያ ፕሮግራም ላይ ደርድሮ ከፈተ። ኮምፒውተሯን «ላሚቱ» አላት፤ አገሩ ሁሉ ከእሷ ይጠጣላ። ፈዝዛ ስትቆም ጎኗን መታ ያደርጋታል። ደብዳቤ ሲመጣ ለባጃጅ ሹፌር ወይም ለገበያተኛ ይነግራል፤ «ለእንትና ንገሩልኝ፣ መጥቶለታል።» ወሬው ከፖስታ ይፈጥናል። የሰው ደብዳቤ ግን አንብቦ አውርቶ አያውቅም። ወሬ ለሚወድ ሰው ይህ ትንሽ ጾም አይደለም።

ከላሚቱ ስክሪን በስተቀኝ፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት ክብ ምልክት ነበረች። አዲስ እድሳት ሲወጣ አረንጓዴ ትሆናለች፤ ሳይታደስ ከቆየ ብርቱካናማ፤ የባሰ ሲቆይ ቀይ። የመጀመሪያ ጊዜ አንድ ደንበኛ «ኢንጂነር፣ ይቺ ምንድን ናት?» ሲለው፣ አለኸኝ ሳያስብ «ቲማቲም ናት፤ ስትቀላ እንለቅማታለን» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቀላች። አልለቀማትም። «ኧረ ኢንጂነር፣ ቲማቲምህ በሰበሰ» ሲሉት «ለዘር ትቼው ነው» አላቸው። ይህችም አሳቀች። ሦስት ዓመት ለዘር ተቀመጠች።

ለምን እንዳላደሰ ሲጠየቅ የሚሰጠው ምክንያት ነበረው። ኔት ተቋርጦ ከርሞ በተመለሰበት ሰሞን መስመሩ የፀጉር ያህል ቀጥኖ ነበር፤ እድሳቱ ሲጀምር ሌላው ሥራ ሁሉ ቀጥ ይላል፣ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። ይህ እውነት ነው። ከሱ ሥር ግን ሌላ እውነት አለ። አንድ ጊዜ አድሶ ነበር። በማግስቱ ፕሮግራሙ መልኩን ቀይሮ መጣና፣ ስድስት ሰው እያየው የማተሚያዋን ምልክት ፈልጎ አጣት። ከስድስቱ አንዱ «ኢንጂነር ጠፋበት» አለ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት እድሳቱን ዘጋው። ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው የፈጀው።

አሁን መዲና ትምጣ። መዲና የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ አህመዲን ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። ከአንድ ኮሌጅ የሁለተኛ ዲግሪ ቦታ ጠይቃ መልሱን በኢሜይል ትጠብቅ ነበር። ሁለት ዓመት ጠይቃ ሁለት ዓመት ቀርቶባታል፤ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ራሷን ብቻ ታስገባለች።

«ጋሼ፣ አለ?»

«ገና ነው። ሲመጣ እኔ ራሴ ፈረስ ጭኜ እመጣለሁ።»

«ፈረስ የለዎትማ።»

«እበደራለሁ።»

መልሱ ሰኔ ላይ መጣ፤ ተቀብለዋታል፤ ቦታው የእሷ ነው። ፈረስ ባይጭንም እየሮጠ ጨርቅ ቤቱ ድረስ ሄዶ አብሥሯታል። የቀረው፣ የምዝገባው ወረቀት ሲላክ መሙላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ያንን ወረቀት ሲፈልግ የመዲናን ሳጥን ከፍቶ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ሲያወርድ፣ ርእስ የሌለው አንድ ደብዳቤ ላይ ደረሰ። አልከፈተውም። አልነካውም። ፕሮግራሙ ራሱ እንደ ልማዱ ጎን ላይ ከፍቶ አሳየው፤ ባዶ ነበር። ላሚቱ ፈዘዘች። አለኸኝ ጎኗን መታ አደረገ። ተነሣች። ረሳው።

ሰኞ ጠዋት መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ጥምጣማቸውን እንዳጋደሉ ገቡ። ከእሳቸው ሳጥን ለአርባ ሰው፣ ለደቀ መዛሙርታቸው፣ ለዘመድ፣ ለአለቆቻቸው ሁሉ፣ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሄዷል። ራሰ በራ ላይ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት ነው የሚለው።

«ልጄ፣ እኔ ቅባት እሸጣለሁ?»

«ኧረ የለም መሪጌታ።»

«ብሸጥስ መጀመሪያ እኔ አልቀባውም?» ብለው ጥምጣማቸውን አነሡ። ከጥምጣሙ በታች መስተዋት ነው።

«መሪጌታ፣ ኮምፒውተሩ ታሞ ነው። እርስዎ ምን ያውቃሉ» አለ አለኸኝ። የይለፍ ቃላቸውን ቀየረላቸው። ከተማውም «የመሪጌታ ኮምፒውተር ታሞ» ብሎ ሳቀና አለፈ። በመሪጌታ ላይ አንድም ሰው ክፉ አላሰበም።

ሐሙስ ከሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ከመዲና ጋር የሚያስተምረው እንዳልካቸው ስልኩን ከፍ አድርጎ ገባ።

«ኢንጂነር፣ ይህ የመዲና አድራሻ አይደለም?»

ነው። ከመዲና ሳጥን ለርእሰ መምህሩ፣ ለመምህራኑ፣ ለተማሪ ወላጆች፣ ለአባቷ የንግድ ወዳጆችና ለኮሌጁ ደብዳቤ ሄዷል። ቅባት አይደለም። ራቁት ሴቶች ያሉበት፣ «ከእኔ ጋር እንተዋወቅ» የሚል። ስልኩ ከእጅ እጅ ዞረ። ያየ ሁሉ ቀና ብሎ ኢንጂነሩን አየ፤ ምን ይላል ብሎ።

በዚያች ቅጽበት አለኸኝ ውስጥ የሆነውን እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ትክክለኛው መልስ አፉ ላይ ነበር፤ ሰኞ የተናገረው፣ የተጠቀለለ፣ የተዘጋጀ፤ «ኮምፒውተሩ ታሞ ነው።» ነገር ግን በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ የታመመች ኮምፒውተር የማን ናት? ስልሳ ሦስቱ ሰው ነገ ጠዋት ተሰልፎ «ሳጥኔን መልስልኝ» አይልም? ደግሞ ቤቱ ሙሉ ነው፤ ሁሉም አፉን ከፍቶ ቀልድ ይጠብቃል። ሰው በልማዱ ነው የሚወድቀው።

«እንግዲህ» አለ አለኸኝ፣ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት አንሥቶ እያወዛወዘ፣ «ኮምፒውተር ብቻውን አይባልግም። የምታባልገው ይቺ ናት።»

የሳቁ ድምፅ ሸዋነሽን ከሽንኩርቷ አስነሣት።

ቀልዷ የዚያኑ ዕለት መናኸሪያ ደረሰች። ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ገባች። መዲና ጥቁር ሰሌዳው ላይ እኩልታ ጽፋ ዞር ስትል፣ ኋላ የተቀመጡት ሌባ ጣታቸውን ቀስረው እያወዛወዙ ጠበቋት። መጀመሪያ ለመልስ እጅ ያወጡ መስሏት «እሽ፣ አንተ» አለች። ክፍሉ ተንጫጫ። ምክንያቱን የነገራት እንዳልካቸው ነው፤ እሱም እየሳቀ።

ዓርብ እንደ ልማዷ መጣች። በሩ ላይ አልቆመችም፤ ገባች።

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም።»

«እ... ሳታውቂ ሊሆን ይችላል።»

«ሳላውቅ የቱን? ይህንን ኮምፒውተር ጣቴ ነክቶት አያውቅም። የሚከፍቱልኝ እርስዎ ነዎት።»

አለኸኝ የላሚቱን ፊደል መምቻ ያጸዳ ጀመር። ንጹሕ ነበር።

«ኮሌጁ ቦታዬን ይዞታል» አለች መዲና። «በዐሥር ቀን ውስጥ ኮምፒውተሩን ከያዘው ሰው ማብራሪያ ካልመጣ ለተከታዩ ይሰጣል ብለዋል። ይጻፉልኛል?»

«እሽ» አለ። እሽ ያለው ከቤቱ እንድትወጣለት ነው።

ከዐሥሩ ቀን ሦስቱ ሳይጻፍ አለፉ። በአራተኛው፣ ሰኞ ከሰዓት፣ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ወንድሟ አብዱልባሲጥ መጣ። ይጣላኛል ብሎ አለኸኝ ወገቡን አጥብቆ ነበር። አብዱልባሲጥ ግን ሰላም ብሎ «ማሽኗን ልያት?» ብቻ አለ። ተቀመጠ። ቆየ። የሰው ፊት አይቶ ወሬ ማንበብ የሚችለው አለኸኝ የልጁን ፊት ሲያነብ፣ ቅንድቡ መጀመሪያ ወጣ፣ ከዚያ ወረደ፣ ከዚያ እዚያው ቀረ።

«ጋሼ፣ ይህ ፕሮግራም ከታደሰ ስንት ጊዜው ነው?»

«ትንሽ ቆይቷል።»

«ሦስት ዓመት ይላል።»

«እንግዲህ እሱ ካለ።»

«ብራውዘሩም እንደዚያው ነው። ማን ነው እድሳቱን የዘጋው?»

አለኸኝ ወደ ሸዋነሽ ሽንኩርት ተመለከተ። አብዱልባሲጥ መልሱን ሳይጠብቅ ቀጠለ። የነጋዴ ልጅ ስለሆነ በጨርቅ ነው ያስረዳው።

«ፕሮግራሙ የሚመጣውን ደብዳቤ የሚያስቀምጥበት ቦታ ይለካል። በአባቴ ሱቅ አንድ መደርደሪያ ይበሉት። አሮጌው ፕሮግራም ግን ጉድለት አለበት። ደብዳቤው «ይህን ያህል ነኝ» ሲለው አምኖ ያስገባል፤ ራሱ አይለካም። ደብዳቤው ከመደርደሪያው ሲበልጥስ?»

«ይወድቃላ።»

«አይወድቅም። ጎን ወዳለው መደርደሪያ ይፈስሳል።»

«ጨርቅ እንዴት ይፈስሳል?»

አብዱልባሲጥ ራሱን አከከ። አለኸኝ ግን አንድ ነገር ከእግሩ ጀምሮ ሲወጣው ተሰማው፤ ቀዝቃዛ፣ የናበጋ ጭቃ የሚሸት።

«ቆይ» አለ። «ክትር ነው የምትለኝ። ማሳው ከሚችለው በላይ ውሃ ሲለቀቅበት ክትሩን አልፎ የጎረቤት ማሳ ይገባል።»

«እሱ ነው። ውሃ ብቻ ቢሆን ደግሞ አርጥቦ ይቀራል፤ ፕሮግራሙ ፈዝዞ ይቆማል፣ ወይም ይዘጋል። ውሃው ዘር ይዞ ከገባስ?»

«ጎረቤት ማሳ ላይ ይበቅላል።»

«ጎረቤቱስ?»

«የራሱ መስሎት ያርመዋል። ያጭደዋል።»

«በቃ። የበቀለው ትእዛዝ ነው። «የዚህን ቤት ሳጥኖች ክፈት፣ ይህንን ላክ» የሚል። ኮምፒውተሯ የራሷ ትእዛዝ መስሏት ፈጸመች። ሌባው የት አገር እንዳለ አይታወቅም፤ መዲናንም መሪጌታንም አያውቃቸውም። ክትሩ የተሸረሸረ ማሳ ነው የሚፈልገው።»

«ግን ደብዳቤውን ማንም አልነካውም እኮ» አለ አለኸኝ፤ ድምፁ ቀጥኖ።

«መነካት አያስፈልገውም። ጎን ላይ መታየቱ ብቻ ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ሽንቁር በማንኛውም ፕሮግራም ይገኛል፤ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ሲያገኙት ይደፍኑትና መድፈኛውን ለሁሉም ይልካሉ። ይኸኛው ከተደፈነ ሁለት ዓመት ሆኖታል።» ከዚያ ጣቱን ስክሪኑ ጥግ ላይ አሳረፈ። «ይቺ ቀይ ነገር እሷን ነበር የምትልዎት።»

አለኸኝ የቲማቲሟን ስም ሊጠራ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ሁለት ደንበኞች ከኋላ ቆመው ነበር። አንደኛው «ለዘር የተቀመጠችው» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነበር የሳቀው።

አብዱልባሲጥ ሲነሣ «እኔ ለማንም አልናገርም» አለ። «የሚጻፈውን ግን እርስዎ ይጻፉት።»

አለኸኝ ማመልከቻ በመጻፍ በአውራጃው የሚወዳደረው የለም። የመጀመሪያውን ረቂቅ በሩብ ሰዓት ጨረሰው፤ «በተፈጠረው የቴክኒክ ችግር ምክንያት» ብሎ ይጀምራል። ራሱ አነበበው። ማን እንደፈጠረው አይልም። ችግሩ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ቀደደው። ሁለተኛው «የጽሕፈት ቤቱ ማሽን ሳይታደስ በመቆየቱ» ይላል። ማሽኑ ራሱን ረስቶ የቆየ ይመስላል። አባቱ ሰማዩን ሲያዩ ታየው። ይህንንም ቀደደ። ሦስተኛው አራት መስመር ብቻ ነበር። «ማሽኑን የምይዘው እኔ ነኝ። እድሳቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤው በተከፈተበት ሰዓት ወይዘሪት መዲና እዚህ አልነበረችም። ምንም አልነካችም።» ክብ ማኅተሙን መታበት። የማኅተሙ ቀለም እስኪደርቅ ሲጠብቅ ፊቱ እንደዚያች ምልክት ቀልቶ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ኮሌጁ መለሰ፤ ማብራሪያውን ተቀብሏል፣ ቦታው የመዲና ነው፣ መስከረም ላይ ትምጣ።

ወሬው ግን ቦታው ላይ አልነበረም። አለኸኝ ቤቱ ለገባ ሁሉ እውነቱን ይናገር ጀመር፤ እድሳቱን፣ ክትሩን፣ ዘሩን። ሰው በትሕትና ይሰማዋል። ራሱን ይነቀንቃል። ሲጨርስም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እና ልጅቱ ምኑን ነክታው ነው?» ይለዋል። ሸዋነሽ እንኳ፣ ሁለት ጊዜ ካስረዳት በኋላ፣ «ውይ፣ ስታሳዝን፤ ጣቷ ነው ያስቸገራት» አለች። ቀልዷ አጭር ናት፣ ጣት አላት፣ ታወዛውዛለች። እውነቱ ረጅም ነው፤ የሚወዛወዝ ነገር የለውም። የራሱን ቀልድ ከከተማው አፍ ለመንጠቅ የሮጠ ቀልደኛ ከአለኸኝ በፊት አልታየም፤ እግሩ ግን እንደ ቀልዱ ፈጣን አልነበረም።

ስልሳ ሦስቱም ሰው ሳጥኑን አልወሰደበትም። አንድም ሰው። ይህ ነው የባሰበት። «አንተው ያዝልን፣ ማን አለን» አሉት።

ለዕርቅ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤልን ሽማግሌ አድርጎ ሐጂ አህመዲን ሱቅ ሄደ። የኮሌጁን ደብዳቤ አትሞ በፖስታ ይዟል። መሪጌታ መንገዱን ሙሉ ስለ ቅባቱ ይቀልዳሉ፤ አንድ የቀድሞ ደቀ መዝሙራቸው ከጎንደር ደውሎ «ይሠራል እንዴ?» ብሏቸዋል። አለኸኝ እየሳቀ እግሩ አልሄድ ይለዋል። ሱቁ ውስጥ ሐጂ ጨርቅ ያጥፋሉ። መዲና ጥጉ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ደብተር ታርማለች። ለሁለቱ መቀመጫ ዱካ ቀረበ። አለኸኝ አልተቀመጠም።

ሁሉንም ተናገረ። ሦስቱን ዓመት፣ የዘጋበትን ምክንያት፣ ማተሚያዋ የጠፋችበትን ቀን ሳይቀር። ፖስታውን መዲና ፊት አኖረ። እሷ አልከፈተችውም፤ ወንድሟ ኮሌጁን ጠይቆ ቀድሞ በስልክ ነግሯታል።

ሐጂ ጨርቁን አጥፈው ጨረሱ።

«ልጄ፣ ሰማን» አሉ። «ማሽን ነው። ማሽን ምን ይደረጋል? አንተም ሆን ብለህ አላደረግኸው። ከልባችን ይቅር ብለናል።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ መሪጌታ። «የእኔም እኮ ወጥቷል። ማሽን ነው። ተነሣ በል፣ እጃቸውን ሳም።»

ነገሩ አለቀ። እጅ መሳም፣ ሻይ መጠጣት፣ ስለ ዘንድሮው ውሃ ማውራት ብቻ ነው የቀረው። በሩ ተከፍቶለታል፤ ይውጣበት። አለኸኝ ግን ቆሞ ቀረ። ያገኘው ይቅርታ ለክትሩ ነው። ክትሩን አምኗል፤ ጽፎበታል፤ ማኅተም መትቶበታል። ሐሙስ ዕለት ቤቱ ሲሞላ ስለተነሣችው ጣት ግን ማንም አልጠየቀውም። ጉዳዩ ውስጥ ያለች እንኳ አትመስልም። እንዳይጠየቅ ሲጸልይ ሰንብቶ፣ አሁን ባለመጠየቁ መውጣት አቃተው።

መዲና ቀይ እስክሪብቶዋን አንሥታ አንድ ስሌት ላይ መስመር አሠመረች። ቀና አላለችም።

«የመሪጌታ ሰኞ ነበር የወጣው» አለ አለኸኝ፤ ለእሷ ይሁን ለወለሉ አልታወቀም። «ሰኞ ለእሳቸው ኮምፒውተሩ ነው ብያለሁ። ሐሙስ ላንቺ ጣት ነው ስል ኮምፒውተሩ እንደሆነ አውቅ ነበር።»

ሐጂ ያጠፉትን ጨርቅ ፈትተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። መሪጌታ ዱካው ላይ ተመቻቹ። የቀይ እስክሪብቶው ድምፅ ቆመ።

«አውቅ ነበር» አለ አለኸኝ።